የጋሽ ጀላል ሞተር ይጠፋል ወይ?

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የነጭ ጋዝ ምድጃዬ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት አለፈው። ዛሬ ተሸክሜው አዲሱ ገበያ ሄድኩ፣ ጋሽ ጀላል ሱቅ። መብራት በሄደ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ያስታውሳል፣ የሚጠግነው ግን እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

«ኢየሩ! ጠፋሽ እኮ!» ገና ከበር።

«መብራት ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ፣ እኔ ብጠፋ ምን ይገርማል?»

ሳቁ። ከኋላ ባለው መጋረጃ በኩል መፍቻ ሊያመጡ ገቡ። መጋረጃው ትንሽ ተገልጦ ቀረ። አላይም ብል ማን ያምነኛል? የሰው ጓዳ አይቼ፣ መጽሔት ላይ ጽፌ ነው የምበላው...

ጄት! ከእኔ ቁመት የሚረዝም፣ አረንጓዴ፣ ጎማውም በሩም ሁሉ ነገሩ የተሟላ። በሪሞት የሚበር። በሁለት እጃቸው፣ ማታ ማታ ሳይሆን ከምሳ በኋላ ሱቁ ጭር ሲል፣ ስድስት ዓመት የሠሩት። ክንፉን በጣቴ ዳበስኩት። መጋጠሚያ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«ሞተሩስ?»

ሆዱን ከፍተው አሳዩኝ። ባዶ። የሻይ ፔርሙዝ የሚያክል ቦታ።

«ይቺ ብቻ ቀረች» አሉ።

ስድስት ዓመት! በዚህ በር ስንቴ አለፍኩ? እኔ ነኝ የጉለሌን ወሬ ሁሉ አውቃለሁ ባይዋ?

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ምድጃዬን ላመጣ ሄጄ ሥራ ተቀብዬ ተመለስኩ። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሆኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድማቸው ልጅ ሙንዲር ዱባይ ይሠራል። ጥር ላይ ሲመጣ አንድ ሞተር ያመጣላቸዋል። አንድ። ከመጣ መመለስ የለም፣ ሌላ መግዛትም የለም። ሦስት የውጭ አገር ሞተር ሠሪዎች መርጠዋል፣ ከሦስቱ አንዱን ለመወሰን ለሦስቱም ደብዳቤ መጻፍ አለበት።

«ለምን ይቸኩላሉ? ቀስ ብለው ለከርሞ...»

መፍቻውን አስቀመጡ።

«የግራ ዓይኔ እየሄደ ነው፣ ልጄ። ጳውሎስ ሆስፒታል ታይቻለሁ። ሐኪሟ ቅን ሰው ናት፣ አልሸነገለችኝም። ቀኙም ይከተላል አለች። በዚህ በጋ ካላበረርኩት አላበረውም።»

መፍቻውን አንስቼ ሰጠኋቸው።

«ለአሪፋ እንዳትነግሪ።»

ባለቤታቸው ናት፣ እትዬ አሪፋ። እንግዲህ ጉድ! ምስጢር የሚነገረው ለማን? ለእኔ! በየሳምንቱ የሰው ገመና እየጻፍኩ ለምኖር... ግን ምላሴን ነክሻለሁ። ለዚህ ማስታወሻ ብቻ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ዛሬ ሞተር እንዴት እንደሚመረጥ ተማርኩ። አቤት፣ ይህ ሰው አስተማሪ መሆን ነበረበት!

የካርቶን ክዳን ላይ ሦስቱን በእስኪርቢቶ ጽፈዋል። እኔ በሞኝነቴ፣ «ጉልበት ያለውን ይውሰዱ» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት ከባሕር ጠረፍ ላይ የተለካ ነው። የጉለሌ አየር ስስ ነው። ከአራት እጅ አንዱን ቀንሺ፣ የቀረው ነው የእኛ።»

ቀጥለው ስለ ኩሽኔታው። በደቂቃ ከመቶ ሺህ በላይ የሚዞር ነገር የተሸከመው በሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ነው። ከስንት ሰዓት በኋላ ይቀየራሉ? ማን ይቀይራቸዋል? ቀጥለው ስለ ነዳጁ። ይኸው የምናውቀው ነጭ ጋዝ፣ ጥቂት ዘይት ተጨምሮበት። ማጣራቱን ለኔ ተዪው አሉ፣ አርባ ዓመት ምድጃ ጠግኛለሁ።

«ግን ከሁሉ በላይ...» ጣታቸውን አነሱ። «ሲለኮስ ሁሉም ምድጃ ያምራል። ጠባዩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። እሱን ጠይቂልኝ። ይጠፋል ወይ? ስንት ጊዜ ጠፋ? ሲጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ?»

ሰማይ ላይ እያለ እሳቱ ከጠፋ አውሮፕላኑ ድንጋይ ነው፣ ስድስት ዓመት መሬት ላይ ይበተናል። ገባኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሦስቱንም ጻፍኩ። እትዬ አሪፋ ምሳ ይዛ መጥታ አየችኝ።

«አንቺ ወሬኛ፣ የኔን ምድጃ ሳይሠራ ጄት ሲያስነሳ እሱንም ጻፊልኝ!»

እንግሊዝኛዬ ግን አማረልኝ። ለራሴ እንኳ ደስ አለኝ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

አንድ መልስ መጣ። ከባለ ጉልበቱ። «ሞተራችን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም፣ ለማንኛውም ዕቃችን ኢንሹራንስ አለው» ይላል። ኢንሹራንስ እዚህ ምን አገባው?

እትዬ አሪፋ ሰምታ ስም አወጣችለት፦ ጉረኛው።

ጋሽ ጀላል ካርቶኑን አንስተው ደጋግመው አዩት። አስተያየታቸው አልጣመኝም።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ሁለተኛው በአንድ መስመር መለሰ። መስመሯም የሚስቅ ፊት ናት። ምን ያስቃል?

የመጽሔቱ አዘጋጅ መሳይ ደወለ። «የዚህ ሳምንት ጽሑፍሽ የታለ? አዲስ ወሬ የለም ወይ?» የለም አልኩት። እኔ! ወሬ የለም አልኩ! ታመሽ ነው ወይ አለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ሦስተኛው መልስ መጣ። ሦስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ጋራዥ ነው፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ሞተሩን የሚሠራውም ደብዳቤውን የሚጽፈውም ራሱ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጥያቄዎን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አዎ፣ ሞተሮቼ ሁለት ጊዜ ጠፍተዋል። አንዱ በቆሎ ማሳ ውስጥ ወድቆ በአራተኛው ቀን ተገኘ፣ አጥበን ስናስነሳው ተነሳ። ሁለተኛው ሐይቅ ገባ፣ እስካሁን አልተገኘም። ምናልባት የጠየቁኝ ስለ እሳቱ ከሆነ ደግሞ...»

እዚህ ላይ ጆሮዬ ጋለ። ለካ «ይጠፋል ወይ» የሚለውን የጻፍኩት በሌላው ቃል ነው! ልጅ መንገድ ስቶ ሲጠፋ፣ ቦርሳ ታክሲ ውስጥ ሲጠፋ በሚባለው! ሦስት ፋብሪካ በሬ እንደጠፋበት ገበሬ ጠየቅኩ! ኢንሹራንሱም፣ የሚስቀውም ፊት አሁን ገባኝ።

ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጋሽ ጀላል መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አላህ ነው ያሳሳተሽ! ትክክል ጠይቀሽ ቢሆን ሦስቱም አይጠፋም ይሉኝ ነበር። በይ የቀረውን አንብቢልኝ።»

የቀረው፦ ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ሰው እሳቱ ጠፍቶበት ደውሎለታል። አምስቱ በነዳጅ ቱቦ አየር ገብቶ። ሁለቱ ፊልትሮ ቆሽሾ። አንዱ ኩሽኔታው አርጅቶ። «አንዱን ግን ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። እርስዎ የሚኖሩት ከባሕር ምን ያህል ከፍታ ላይ ነው?»

ጋሽ ጀላል እስኪርቢቶ አንስተው ካርቶኑ ላይ ሁለቱን ሰረዙ።

«ጋሼ፣ ጉረኛው እኮ የበለጠ ጉልበት አለው። የእኛ አየር ስስ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ጉልበት ቢጎድለኝ ከአውሮፕላኑ ክብደት እቀንሳለሁ። እውነት ቢጎድለኝ ከምኑ ልቀንስ? አላወቅኩትም ብሎ የጻፈ ሰው... ወላሂ፣ እሱ ስልክ ያነሳል።»

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

እየቀነሱ ነው። የወንበሩን አሻንጉሊት ፓይለት አወጡት። ትልቁን ባትሪ በትንሽ ቀየሩት። የውስጥ እንጨቱን እየቦረቦሩ ወንፊት አደረጉት። ፓይለቱን ለእኔ ሰጡኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሠሩ አየኋቸው። ቀኙን እየሞከሩት ይሆን? ወይስ ልምምድ?

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ሙንዲር ገባ። ሞተሩም ገባ። እውነትም ፔርሙዝ! የሚያብረቀርቅ፣ አፉ ላይ እንደ አበባ የተከፈተ። ጋሽ ጀላል በእጃቸው ሲይዙት አዲስ የተወለደ ልጅ ያቀፉ መሰሉኝ... ይህን መጽሔት ላይ ብጽፈው መሳይ ይሰርዘዋል። እዚህ ማንም አይሰርዝብኝም።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ሙከራ፣ በሱቁ ጓሮ። ሞተሩን ከወፍራም ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰሩት። ሙንዲር የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ ቆመ። እኔ ሸሸሁ።

ዞረ፣ አፏጨ፣ ሞቀ... ጠፋ።

እንደገና። ጠፋ።

ሦስተኛ። ነበልባል ከኋላው ብልጭ አለና ጠፋ።

እኔ በውስጤ፦ ጉረኛውን ቢወስዱስ ኖሮ? በእኔ ስህተት ደብዳቤ የተመረጠ ሞተር! ጋሽ ጀላል ግን ረጋ ብለው «ደውይለት» አሉኝ።

በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። ቅዳሜ ቀን! ምን ያህል ሞቀ፣ ነበልባሉ ምን ቀለም ነበረው፣ በየት በኩል ወጣ... አንዱን ቃል ሁለቴ እያሰብኩ ተረጎምኩ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ለከፍታችሁ ብዬ ነዳጁን ቀንሼ ነበር የላክሁት። አልበቃም ማለት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። ሲነሳ የሚጠጣውን ይበልጥ ቀንሱለት።»

ጋሽ ጀላል ጭናቸውን መቱ። «ታፍኖ ነው! ምድጃም እኮ ጋዝ ሲበዛበት ይታፈናል! እኔ ነኝ የማይገባኝ ጅል!»

ከሞተሩ ጋር በመጣችው ትንሽ ኮምፒውተር የነዳጁን ቁጥር ዝቅ አደረጉት። ሽማግሌው ስልኩን አልዘጋም።

አራተኛው... ተነሳ! ፉጨቱ ወጥ ሆነ፣ ጓሮው ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ዶሮዎች ወደ ጣሪያ ወጡ። ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘረጋሁት። ሲረጋጋ መልሼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ሽማግሌው የሆነ ነገር ይላል፣ በራሱ ቋንቋ። ትርጉም አላስፈለገውም።

ጥር 17፣ እሁድ

ጸሎት ቤት መዘምራኑ ሲዘምሩ እኔን የሚሰማኝ ሞተሩ ነው። ይቅር በለኝ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

የማብረሪያ ፈቃዱ ወጣ። የካቲት 1፣ እሁድ ጠዋት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት። ለዚያች ጠዋት ብቻ። ቦታው ከሱሉልታ ወዲያ፣ ገና መኪና ያልተለቀቀበት አዲስ አስፋልት። እትዬ አሪፋ ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ነጠላ ጫፉን ቀድዳ ለነፋስ ማሳያ ሰፋችላቸው። ቀደደችው! እሷ!

የካቲት 1፣ እሁድ

ልጻፈው።

መኪና ውስጥ ስንጫን እትዬ አሪፋ ክንዴን ያዘችኝ። «ኢየሩ፣ ሲያበር ከግራው ቁሚ። ከግራው ፈቀቅ እንዳትዪ።»

ደነገጥኩ። «ያውቃሉ እንዴ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ተኝቼ ዓይኑን አላውቅ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አላወቀችም ብሎ ደስ ይለዋላ።»

ሁለት ወር ተኩል ምላሴን የነከስኩት ለዚህ ነው!

በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። አስፋልቱ ሊያልቅበት ትንሽ ሲቀረው ብድግ አለ። ጉልበቱ እንደተባለው ስስ ነው፣ ግን ለቀለለው አካሉ በቃው። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። አረንጓዴዋ ነገር ሰማዩን እየቀደደች ስትዞር... ስድስት ዓመት ከመጋረጃ ጀርባ የነበረው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ። እንዲህ ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

በአራተኛው ዙር ወደ ፀሐዩ ገባች።

«ጠፋ!» አሉ ጋሽ ጀላል።

ሙንዲር የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ሮጠ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ፣ ድንጋይ ሆነ... ግን ፉጨቱ? ፉጨቱ አለ! ወጥ ነው!

«ሞተሩ አለ ጋሼ! ይሰማል!»

«እሱማ አለ። እኔ ነኝ ያጣሁት። ጠፋብኝ፣ ልጄ፣ የታለ?»

ዓይኔን ከፈትኩ። «ከሰማያዊው የቆርቆሮ ጣሪያ በላይ! በግራ! ወደ እኛ እየዞረ ነው!»

መጀመሪያ ጭንቅላታቸውን በጆሮ እየተመሩ ወደ ፉጨቱ አዞሩ። ከዚያ በቀኝ ዓይን። አውራ ጣታቸው ሪሞቱ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልተርበተበተም።

«አየሁት። ንገሪኝ፣ አታቁሚ።»

አላቆምኩም። ዕድሜ ልኬን ሳወራ አፌ እንደዚያ ጠቅሞ አያውቅም። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከነጠላው ጋር ትክክል ነው፣ አስፋልቱ ከፊቱ ነው... ጎማው ነካ። ነጠረ። ነካ። ቆመ።

ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት። ዝም። እትዬ አሪፋ መኪናው ውስጥ ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር፣ በጣቶቿ መሃል አየችኝ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

መሳይ ደወለ፣ ጽሑፍ አለ ወይ ብሎ። አለ፣ ስለ ምድጃ ጥገና ነው አልኩት። አኩርፏል። ያኩርፍ።

ከረመዳን በፊት ሌላ ፈቃድ ጠይቀዋል። በማመልከቻው ላይ «አብራሪ፦ ጀላል። ተመልካች፦ ኢየሩ» ብለው አስጻፉኝ። ተመልካች ማለት ለካ ሥራ ነው፣ ከግራ የሚቆም።

ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው ደብዳቤ መጣ። ደህንነታችንን አልጠየቀም። አንድ መስመር ብቻ፣ በዚያችው በእኔው የተሳሳተ ቃል፦ «ጠፋ ወይ?»

ጋሽ ጀላል የእትዬ አሪፋን ምድጃ ክር እየቀየሩ ነበር፣ በመጨረሻ። ቀና ሳይሉ መልሱን ነገሩኝ፣ እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩ። ቃሉን አላረምኩትም።

«ጠፍቶ ነበር። ተገኘ።»