ከሐኪሙ በር ውጪ የነበረው ወንበር

ኦስሎ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ፋሲካውን እንዴት አሳለፋችሁ? ልጅሽ ቆንጂትስ እንዴት ናት፣ ምግብ ይረጋላት ጀመር? ጎረቤትሽ ሙሉ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥራዬ ላይ አለሁ። እዚህ ሰፈሬ ሮምሶስ በረዶው ቀልጧል፤ ሰው እንዳይንሸራተት ክረምቱን ሙሉ የበተኑት ጠጠር ግን አሁንም መንገዱ ላይ ነው፤ በጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ደረጃውን እወጣለሁ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል። ሌላው ደኅና ነው።

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ ጎረቤትሽ ሙሉ እንዳታነብልሽ። የእስካሁኖቹን እሷ ስታነብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ይህኛውን ግን መነጽርሽን አድርገሽ በሩን ዘግተሽ ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት የለየሽው ፊደል ይበቃሻል። እኔም ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ከባድ ቃል አልጽፍም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ልጄ በምን ሞተች ብለሽ ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ልጄ ማለትሽም እውነት ነው፤ ሄዋንን እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያሳደግሽ አንቺ ነሽ። እኔ ወደዚህ ሳስመጣት ቀሚስሽን አልለቅ ብላ እንደነበር አልረሳሁም። በልብ ነው የሞተችው አልኩሽ። በልብ አይደለም እትዬ። እግሯ ውስጥ ደም ረጋ፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባዋን ዘጋው። ደሙ የረጋው ደግሞ ትወስደው ከነበረ ኪኒን ጋር በተያያዘ ነው። እርግዝና እንዳይመጣ የሚወሰደው ኪኒን። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጠሽ ትንሽ ተቀመጪ። ከዚያ ቀጥዪ።

እንዴት ልነግርሽ እንደቻልኩ ከሥራዬ ልጀምር። እኔ የማጸዳው መሀል ከተማ፣ ነርሶችና አዋላጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ልጆች አይደሉም፤ ዐሥር ሃያ ዓመት ሠርተው በላዩ ላይ ሌላ ትምህርት የሚጨምሩ ናቸው። እዚህ አገር በየትምህርት ቤቱ ልጆቹን የምታይ ነርስ አለች፣ ሄልሰሶስተር ይሏታል። ለልጃገረዶች ያንን ኪኒን ራሷ እንድታዝ ተፈቅዶላታል። አዋላጆቹም እንደዚሁ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚታዘዝ፣ ለማን እንደማይታዘዝ ይማራሉ።

የምታስተምራቸው ቱሪድ የምትባል የአገሩ ሰው ናት። ስድሳ ይሆናታል፤ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ክርኑ የሳሳ ሰማያዊ ሹራብ የማትለውጥ። መምህር ብዬ ስጠራት ትስቅብኛለች፤ እዚህ ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው። በጥር ወር አንድ ከሰዓት፣ ትምህርቱ ያለቀ መስሎኝ ጋሪዬን እየገፋሁ ገባሁ። ተማሪዎቹ ወጥተዋል፤ ግድግዳው ላይ ግን ሥዕሉ አልጠፋም። የኪኒኑ ማሸጊያ ነበር፤ ሃያ አንድ ፍሬ፣ በየፍሬው ላይ የቀን ስም። መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቱሪድ ምን ሆንሽ አለችኝ። ልጄ ይህን ነበር የምትወስደው አልኳት። ነበር ስል ገባት።

ወንበር ሳበችልኝ። አይዞሽ አላለችኝም እትዬ። ሄዋን ካረፈች ጀምሮ ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል፤ ቱሪድ ግን ጠየቀችኝ። የትኛው እግሯ ነበር? በስንተኛው ቀን ነው ሐኪም ጋ የሄዳችሁት? ሐኪሙ ምን ብሎ ጠየቃት? በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም በተሰባበረው ኖርዌጅኛዬ ነገርኳት። ለአንቺም እንደነገርኳት አድርጌ ልጻፈው።

ሄዋን ኳስ ትጫወት ነበር፤ በእጅ የሚወረወረውን። ሰኞ ዕለት ግራ እግሬን አመመኝ አለች፤ ባቷ ላይ። ውልቃት ነው ብዬ ቫዝሊን ቀብቼ አሸሁላት። ትኩስ ነበር። ሐሙስ ዕለት ማነከስ ስትጀምር ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፣ ትሑት ሰው። በሩ ላይ ሲቀበለን ሄዋን ወደ እኔ ዞራ፣ እማዬ አንቺ እዚህ ጠብቂኝ አለችኝ። ከበሩ ውጪ አንድ ቢጫ ወንበር ነበር። የታመመች ልጇን ትታ ውጪ የምትቀመጥ እናት አለች እንዴ አልኳትና ቀድሜያት ገባሁ። ሐኪሙ እግሯን አየ፣ ነካካ። የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ አላት። ሄዋን አየችኝ። ከዚያ ናይ አለችው፤ እዚህ የለም ለማለት እንዲህ ነው የሚሉት። ከቤተሰባችሁ ደም የረጋበት ሰው አለ ወይ አለ፣ አሁን ወደ እኔ እያየ። እኔም ናይ አልኩ። የኳስ ነው፣ ጡንቻ ነው አለና የሕመም ማስታገሻ ሰጣት። በሚቀጥለው ሰኞ ትምህርት ቤቷ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሆስፒታሉ ኮቷን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሰጠኝ። ኪሱ ውስጥ የኪኒኑ ማሸጊያ ነበር፤ ባዶውን። ሃያ አንዱም ተወስዷል።

ቱሪድ፣ ሄዋን ኪኒን እንደምትወስድ ያን ጊዜ ነው ያወቅሽው አለችኝ። አዎ አልኳት።

ከዚያ ደም የሚረጋው እንዴት እንደሆነ ነገረችኝ። ብዙ ሰው ኪኒኑን ወስዶ ምንም አይሆንም፤ አንዳንድ ቤተሰብ ግን ደሙ የመርጋት ጠባይ አለው። አንድ እግር ብቻ ያብጣል፣ ይግላል አለችኝ። ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ሆኜ እናታችን ትዝ አለችኝ። እኔን በወለደች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ያረፈችው። አንድ እግሯ አብጦ እንሥራ አክሎ ነበር ብለሽ አንዴ ነግረሽኛል፤ አንቺ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው፤ ውኃ አሙቀሽ ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ሰው ምች ነው አለ፣ እኛም ምች ነው ብለን ኖርን። ለሄዋን ይህን የነገራት የለም። ኪኒኑን ያዘዘችላት ነርስም ሳትጠይቃት አልቀረችም፤ ልጅቱ ምን ብላ ትመልስ? መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ትናንት ተውኩት። እጄ እስክሪብቶ ይዞ መቆየት አልቻለም፤ የማጽጃው ነገር ጣቶቼን ሰነጣጥቆታል። ዛሬ እሑድ ነው፣ ልቀጥል።

ቱሪድ ክፍሏ ገብቼ ለተማሪዎቹ እንድናገር ለመነችኝ። እሺ ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ። መናገር አልችልም ስላት እንግዲያው አትናገሪ፣ ተቀመጪ ብቻ አለችኝ። ለካ ከእነሱ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ ልጅ ሆነው እንደ ቴአትር እየሠሩ ነው መጠየቅን የሚማሩት። መድኃኒቱን መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከባዱ መጠየቁ ነው ትላቸዋለች። እኔ እናት ሆኜ ልቀመጥ ነው። የደረሰብኝን አስቀድማ እሷ በአጭሩ ነገረቻቸው፤ ባዶውን ማሸጊያም፣ ሁሉንም።

ልጅ የሆነችው ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሽበታም፣ ግዙፍ አዋላጅ ነበረች። ማስቲካ አፏ ውስጥ ከትታ፣ እግሯን አንፈራጣ፣ አፍንጫዋን እየነፋች ስትቀመጥ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ እትዬ። ሄዋንም እንዲሁ ነበር የምትቀመጠው። ሐኪም የሆነው ወንድ ነርስ ጥያቄውን ከወረቀት ላይ እያነበበ ያጣድፋት ጀመር፤ ታጨሻለሽ? ራስ ምታት አለሽ? ደም ግፊትስ? ሐዋ የምትባል ተማሪ፣ ቀስ በል እንጂ፣ ፓስፖርቷን ልትነጥቃት ነው እንዴ ስትለው እንደገና ተሳቀ። መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ አላት። አዋላጂቷ ማስቲካ ማኘኳን አቆመች። ዞር ብላ አየችኝ። ናይ አለች።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቱሪድ አስቆመችው። ሐዋ አንቺ ሞክሪ አለቻት። ሐዋ የእኛው አገር ልጅ ናት፣ ኮምቦልቻ ተወልዳ በስምንት ዓመቷ ነው የመጣችው፤ አማርኛዋ ይሰባበራል። ወደ እኔ መጥታ በርከክ አለችና በአማርኛ፣ እናቴ፣ እኛ ልጅ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ብቻውን እናናግራለን፣ ለሁሉም ነው፣ አንቺን ንቄ አይደለም፣ ውጪ ወንበር አለ አለችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የራሴ ጋሪ አጠገብ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሐዋ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት፤ አዋላጂቷ እንደ ልጅ አፏን ያዝ እያደረገች፣ አዎ፣ ኪኒን እወስዳለሁ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት አለቻት።

ይኸው ነው እትዬ። አንድ በርና አምስት ደቂቃ።

ስመለስ ለማስተማሪያ የመጡ የኪኒን ማሸጊያዎች በየእጁ እየዞሩ ነበር። ሐዋ አጠገቤ ተቀምጣ ከየት በኩል ነው የሚጀመረው ብላ ስታገላብጠው፣ ቀስቱን ተከትለሽ ነው አልኳት፤ በጣቴ እየነካሁ ፍሬዎቹን አሳየኋት። የሄዋን ማሸጊያ ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዐሥር ቀርቶት አልኳት። አፌ ነው የተናገረው። የሐዋ እጅ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ማሸጊያውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቱሪድ መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ምን ጎደለ ብላ። ልጅቱ ብቻዋን አልተጠየቀችም። የአያቷን ነገር የነገራት የለም። የእግር ሕመም ሲመጣ ኪኒኑን ማሰብ እንዳለባት በደንብ አልተነገራትም። በመጨረሻም፣ እናቷ አታውቅም ነበር። ሁሉም ገለበጡ። አንዳንዶቹ ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ።

ከዚያ ሥራዬ ስለሆነ ሰሌዳውን ላጠፋ ተነሣሁ። ሁልጊዜ ከላይ ነው የምጀምረው። ያን ቀን ከታች፣ ከመጨረሻዋ መስመር ጀመርኩ። ጠርጌያትም ጨርቁን ከዚያች ቦታ ላይ ማንሣት አቃተኝ። ለካ ሐዋ ወንበሮቹን ልታስተካክል ቀርታ ኖሯል። መጥታ ጨርቁን ከእጄ ወሰደችና የቀረውን እሷ አጠፋችው። እኔ ለማንም አልናገርም እናቴ አለችኝ። አንቺ ግን ለአንድ ሰው ንገሪ።

እትዬ፣ ያ አንድ ሰው አንቺ ነሽ።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እንደዚሁ ሐሙስ ዕለት፣ የሄዋንን ኮት ላጥብ አውርጄ ኪሱን ፈትሼ ነበር። መልሼ ሰቀልኩት። ስትመጣ ኮቴን አጠብሽው ወይ አለችኝ። አላጠብኩትም አልኳት። ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እማዬ ለምን ታኮርፊኛለሽ ትለኝ ነበር፤ አላኮረፍኩም እላት ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቃት ያየችኝም እንደዚያው ነው። እኔ ያን ጊዜ መስኮቱን ነበር የማየው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። አንቺ እኔን ከእኔ ይበልጥ ታውቂኛለሽ።

አሁን ስለ ቆንጂት። ነሐሴ ላይ ትወልዳለች ብለሽኛል። ሆድ የያዘችና የወለደች ሴትም ደሟ ሊረጋ ይችላል አለችኝ ቱሪድ፤ በተለይ እንደ እኛ ዓይነት ቤተሰብ። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትሂድ። አያቴ በአራስነቷ አንድ እግሯ አብጦ ሞተች፣ የአክስቴ ልጅም በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ደም ረግቶባት ሞተች ብላ ትንገራቸው። ከወለደችም በኋላ አንድ እግሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ምች ነው የሚላትን ሰው እንዳትሰማ፣ እንዳትታሽም፤ ያኔውኑ ውሰጃት። ስለ ሄዋን ስትነግሪያት ኪኒኑን አትደብቂባት። ሄዋንን ሰው ምን ይላታል ብለሽ እንዳታስቢ። እኔ አስቤ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ። አብረሻት እንደምትሄጂ አውቃለሁ፤ ማንም አያስቀርሽም። በሩ ድረስ ሸኚያት። ነርሷ ስትጠራት ግን አትከተያት። ባሏም አይከተላት። ከበሩ ውጪ አንድ ወንበር ወይም አግዳሚ አይጠፋም፤ እዚያ ተቀመጪ። ጉልበትሽን ታሳርፊያለሽ። ስትወጣ ምን ብለው ጠየቁሽ፣ ምን አልሽ አትበያት።

መልስ ባትጽፊልኝም አይከፋኝም። ከጻፍሽልኝ ግን ራስሽ ጻፊው፣ ፊደሉ ቢጣመምም። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቆንጂትን በሰላም ያገላግልልሽ፤ የሚወለደውን አንቺው ታቅፈሽ ለማሳደግ ያብቃሽ። ለሄዋንም አንቺ ጸልዪላት፤ ያንቺን ድምፅ ቀድማ ነው የምታውቀው።

አንቺ ያሳደግሻት
ታናሽ እህትሽ