በመስኮቱ ሥር የሚቀርበው ገበታ

ውድ ወንድሜ ሱሱሙ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ፣ ኑሮህስ እንዴት ይዞሃል? እዚያ ቺሊ አሁን በጋ ነው ይላሉ፤ ሙቀቱ በረታብህ ወይስ ተላመድከው? ባለፈው ለጻፍኩልህ ደብዳቤ መልስ ስላልመጣ እነዚህን ጥያቄዎች ለወጉ ያህል አይደለም የምጽፋቸው። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደህና ስልህ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ በረዶ እንጠርጋለን ማለቴ ነው።

ያ ደብዳቤ ካልደረሰህ እንደገና ልንገርህ። እማማ ኖቬምበር ሃያ ዘጠኝ ቀን አርፋለች። ጓሮ ጎመን ስትነቅል ወድቃ በዚያው ቀረች። እኔም ለሽኝቷ አልደረስኩም። የልጆቹን የአውሮፕላን ትኬት ግን ቀደም ብለን ቆርጠን ነበር፤ ልጆቹን አምጪልኝ፣ በረዶ ላሳያቸው ብላ የለመነችኝ እሷው ነበረች። ባለቤቴ ግራንት ጉዞው ይቅር እንዴ ቢለኝ ሻንጣ ሸከፍኩ፣ ልጆቹን ይዤ ከብሪዝቤን አባባ ቤት መጣሁ። እስካሁን አላለቀስኩም። ጨክኜ አይደለም፤ ደንዝዣለሁ።

ልጆቹ ግን ዓለማቸውን እያዩ ነው። ሳዮ ስድስት ዓመት ሞላት፣ ሬይ አራት። የእማማን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አውጥተው ከጎተራው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ይንሸራተቱበታል። ሬይ በመጀመሪያው ቀን በረዶ ቀምሶ "ስኳር ረስተውታል" ብሎ አባባን አሳቀው። ጎረቤታችን እትዬ ኪኑ ደግሞ "ይኼ የአውስትራሊያ ጉድ ከነጫማው ሊገባ ነው፣ ያዙልኝ!" እያለች ታባርረዋለች። እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ።

አባባ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ጣራ ላይ ወጥቶ በረዶ ያወርዳል። ውረድ ስለው "ቤቱ ሲደረመስብሽ ይሻልሻል?" ይለኛል። ሌላ ብዙ አያወራም። በየማለዳው ግን ሁለት ትንንሽ ገበታ ያሰናዳል። አንደኛውን የእማማ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ ካረፈበት ሣጥን ፊት ያኖራል፣ ሁለተኛውን በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር። መስኮቱ ሥር እማማ ቁጭ ብላ ትሰፋ ስለነበር ሁለቱም የእሷ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን አባባ ጣራ ላይ ስለነበር ገበታዎቹን እኔ አቀረብኩ። በእማማ ሩዝ ላይ የመብያ እንጨቶቹ ለሟች እንደሚደረገው ቀጥ ብለው ይተከላሉ። በመስኮቱ ሥር ባለው ገበታ ላይ ግን ጎን ለጎን ተጋድመው ነበር የሚቀመጡት። አባባ በእርጅናው እየረሳው ነው ብዬ እነሱንም አንስቼ ሩዙ መሃል ተከልኳቸው። አባባ በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ ገባ፣ አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። "ንቀያቸው!" ብሎ ጮኸ። "ማን ሞተ አለሽ? ልጄ አልሞተም!" አንተን ይህን ደፍ ዳግም እንዳትረግጥ ያለህ ቀን እንኳ እንዲህ አልጮኸም።

ገበታው ያንተ ነበር፣ ወንድሜ። እትዬ ኪኑ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እርሻውን አልረከብም ብለህ ከወጣህበት ማግስት ጀምሮ እማማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አቅርባልሃለች። ሴት አያታችን ጦርነት ለዘመተው ወንድ አያታችን፣ በሰላም እንዲመለስ ብላ፣ ታደርግ የነበረውን መሆኑ ነው። አባባ እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። እሷ በተሸኘች ማግስት ግን ሩዝህን ራሱ ቀዳልህ። የሾርባው ክዳን ሲነሳ ውስጡ ጠል ከያዘ መንገደኛው ደህና ነው የሚባለውን አንተም ታውቃለህ። አሁን ክዳኑን የምታነሳው ሳዮ ናት። "አያቴ፣ ረጥቧል!" ትለዋለች። እሱም "እንግዲያው ደህና ነው" ይልና ቁርሱን ይጀምራል።

ከትናንት በስቲያ እንቅልፍ ጥሎኝ አርፍጄ ተነሳሁና ሾርባውን ሳላሞቅ አቀረብኩ። ሳዮ ክዳኑን አነሳችና "ደረቅ ነው" አለች። አባባ እንጨቶቹን አስቀመጠ። ሾርባው ቀዝቃዛ ስለነበር ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። ነገር ግን ቁርሱን አልበላም፣ ጣራ ላይም አልወጣም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ዋለ፤ በረዶው እስከ በሩ እጀታ ድረስ ተከመረ። እትዬ ኪኑ አካፋዋን ይዛ መጥታ "ሽማግሌው ታሟል እንዴ?" አለችኝ። ያኔ ፈራሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ያ ፍርሃት ብቻ ነው።

እኛ በሚመጣው ሳምንት እንመለሳለን፤ እሱ ብቻውን ይቀራል። የእማማ አመድ የሚቀበረው በረዶው ሲቀልጥ፣ በኤፕሪል ነው። መምጣት ባትችል አልፈርድብህም። ነገር ግን በሕይወት እንዳለህ በገዛ እጅህ ጽፈህ ንገረው። ይህን ሰው ለሾርባ ክዳን አትተወው።

ለባለቤትህ ለማርሴላ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልጅ ወልደህም ከሆነ ሁለቱን ጉንጮቹን ሳምልኝ። ሳዮ የሥዕል ሰላምታ ልካልሃለች፣ ከደብዳቤው ጋር አለ። ሬይም ሰላም ብሎሃል፤ ያንተን ሩዝ በየቀኑ የሚጨርሰው እሱ ነውና እንዳትቀየመው። እትዬ ኪኑ "ያ የፍሬ ሌባ ዛፌ ላይ መውጣት ናፈቀው ወይ?" ብላሃለች። አባባ ሰላምታ አልላከም። ከሾርባህ ውስጥ እንጉዳዩን እየለቀመ ሲያወጣ ለሱሱሙ ምን ብዬ ልጻፍለት ብዬ ጠየቅኩት። የመጨረሻውን ቁራጭ አወጣና "እንጉዳይ አሁንም አይበላም ወይ በይው" አለኝ።

እህትህ ቺዙ

ናካዛዋ መንደር፣ አኪታ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1998