መርዶና ሉሚናል

ቦንጋ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዘሪቱ ሣህሌ
ኪየቭ

እንደምን ሰንብተሻል፣ የኔ ልጅ? «እኛ ደህና ነን» ብሎ መጀመር የለመደው እጄ ዛሬም ጽፎት ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አታንብቢው። እዚያ ካሉት የአገርሽ ልጆች አንዷን ጥሪና አጠገብሽ ትቀመጥ።

ሞት በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን የእናትሽ መዳን አንቺ በምትጽፊው ደብዳቤ ላይ ስለወደቀ ወጉን መጠበቅ አልቻልኩም። ወንድምሽ ተድላ የለም። ዘመቻ ላይ እንዳለ በሰኔ 1974 ሞቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ተድላ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል» እያልኩ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር።

የነገረኝ አብሮት የዘመተው ከፈለኝ የሚባል የደካ ልጅ ነው። ክንዱን ተመትቶ ሲመለስ መድኃኒት ቤቴ ገብቶ አረዳኝ። ለእናት መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ የቀረ ልጇ አጠገቧ ሆኖ ነው። አንቺ ደግሞ በክረምቱ እመጣለሁ ብለሽ ስለነበር እስክትመጪ ልደብቀው አልኩ። ክረምቱ መጣ፤ ለአንቺ ፈቃድ አልተሰጠሽም። የሚቀጥለውን ክረምት እንጠብቅ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘሪቱ፤ አንቺ ላይ አንዳች ነገር የለም።

እናትሽ ግን እንቅልፍ አጣች። «ልጄ ለምን አይጽፍም?» እያለች ስታስጨንቀኝ ከተድላ የመጣ አስመስዬ ሁለት ደብዳቤ ጽፌ አንብቤላታለሁ። ለእንቅልፏም ከመድኃኒት ቤቱ አንዲት ሉሚናል አምጥቼ ሰጠኋት። ተኛች። ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በድሬሰርነት የሠራሁ ሰው፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘውን ኪኒን ለኀዘን አዘዝኩ። አንዱ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ሦስት።

ማየት የነበረብኝን አላየሁም። ምላሷ ይተሳሰር ጀመር። ከጓዳ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፋለች። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል መቁጠር ጀምራ አልነበር? «ዓይኔን ይከብደኛል» ብላ ተወችው። ጎረቤቶች ተደብቃ ጠጅ ትጠጣለች ብለው ሲያሟት ተቆጥቼ ቤታቸው መግባት አቆምኩ። ምን ያህል ተመጻዳቂ እንደነበርኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከፋሲካ በኋላ ሺህ ፍሬ የሚይዘውን የሉሚናል ቆርቆሮ ብከፍተው ከግማሽ በታች ወርዷል። እናትሽን ብፈትሽ በነጠላዋ ጫፍ አሥራ አንድ ፍሬ ቋጥራ አገኘሁ። በቀን ስድስት ትውጥ ኖሯል። ደሜ ፈላ። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ አትቀምሺም» ብዬ ሁሉንም ቆለፍኩበት። ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ጉንዳን ግድግዳው ላይ ታሳየኝ ጀመር። እኔ ያልፋል እላለሁ።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከማንኪራ ማር ይዞ ከመጣ ሰው ጋር በራችን ላይ ቆማ ስትነጋገር ወደቀች። መላ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፤ ከአፏ ደም የተቀላቀለ አረፋ ወጣ። ጎረቤታችን ባለሱቋ አሚናት ሮጣ መጥታ ክብሪት ጭራ አስሸተተቻት። ሴቶቹ ጸበል ጸበል ይላሉ። እኔ ስንቱን በሽተኛ እንዳላነሣሁ እንደ ሐውልት ተገትሬ ቀረሁ። ማር ሻጩና ሰፈርተኛው በቃሬዛ አንሥተው ጤና ጣቢያ አደረሷት።

ጤና መኮንኑ ግዛቸው የሚባል ወጣት ነው። የጎንደር ምሩቅ ነው።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ምን ትወስድ ነበር?» አለኝ።

«ሉሚናል።»

«መቼ ተወችው?»

«እኔ ነኝ ያስተውኳት። አምስት ቀኗ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ሰውነቷ ለምዶታል። ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ እንዲህ ይጥላል፤ ይገድላልም። መልሰን እንሰጣትና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነስን እናስተዋታለን።»

«ሱስ ነው የምትለኝ?»

«አዎ። ግን ሕመም ነው እንጂ ብልግና አይደለም። እንዳይቆጧት።»

ሱስ የጫት፣ የሲጋራ፣ የአረቄ ይመስለኝ ነበር። በሐኪም ኪኒን፣ ያውም በእኔ ቤት፣ ያውም በእኔ እጅ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ግዛቸው ቀጥሎ ምን እንዳስጀመራት ጠየቀኝ። የልጃችንን ሞት ደብቄያት እንደኖርኩ ነገርኩት። «እሱን ካልነገሯት ኪኒኑን ብታቆምም ትመለስበታለች» አለኝ።

ትንሽ ስትጠና፣ ዘመድ ሳልሰበስብ፣ ሽማግሌ ሳልጠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። አልጮኸችም።

«ያ የደካ ልጅ የመጣ ቀን መድኃኒት ቤቱን ዘግተህ ገብተህ ፊትህን ታጠብክ፤ ያን ጊዜ ገብቶኛል» አለችኝ። «ኪኒኑን የጨመርኩት እንዳትነግረኝ ብዬ ነው።»

ሁለታችንም አንዱን ሬሳ ስንደባበቅ ኖረናል። ቀጥላም ስንት ሰዓት ሆነ እንደምትል ሁሉ ቀለል አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ዘሪቱስ? እሷ መቼ ሞተች?»

ማልኩላት። ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እግሯ ሥር ደረደርኩ። «የምታነብልኝ አንተ ነህ፤ የተድላንም አንተ ነበርክ ያነበብክልኝ» አለች። ፎቶግራፍሽን ባሳያት «የድሮ ነው» አለች። ለቅሶ ስንቀመጥ የሁለት ልጅ ስም እየጠራች አለቀሰች። ለቀስተኛውም ግራ ገብቶት አንቺንም አብሮ አለቀሰልሽ።

አሁን ከስድስት ፍሬ ወደ ሁለት ወርዳለች። ምላሷ ተፈትቷል፣ እግሯም ጸንቷል። ከሁለት በታች ግን አልወርድም አለች። «ለአንዱ ኀዘን አንድ፣ ለሌላው አንድ» ትላለች። ግዛቸው በግድ አይሆንም ብሎኛል። እንዲህ እንዳለች ብትቀር ወይ ተመልሳ ትጨምራለች፣ ወይ አንድ ቀን በንዴት ወርውራው እንደገና ትወድቃለች። ያን ዳግም ካየሁ እኔም እተርፋለሁ ብዬ አላስብም።

ስለዚህ ልጄ፣ እንባሽን ከጨረስሽ በኋላ ለእናትሽ ጻፊላት። እኔ የማላውቀው፣ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ብቻ ያለ አንድ ነገር አንሥተሽ ጻፊ። ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገሪኝ። በእኔ ስም አትላኪው፤ በአሚናት ስም ይምጣ። አሚናት መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት ይዛለች፤ እሷ ታነብላታለች። እኔ በዚያ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ።

በየደብዳቤዬ ማብቂያ ላይ የእናትሽን ምርቃት እጨምርልሽ ነበር። ዛሬም «ለዘሪቱ እየጻፍኩ ነው፤ መርቂያት» አልኳት። «ለሞተ ሰው ነፍስ ይማር እንጂ ምን ይባላል?» አለችኝ። ስለዚህ የዛሬው ምርቃት የእኔ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ በሰው አገር ብቻሽን አያስለቅስሽ፤ ቶሎ ለመጻፍ እጅሽን ያበርታልሽ።

አባትሽ
ሣህሌ ገብረ ኢየሱስ