ጨርቅ ስለ ለበሰ ዋጋ ያጣው ዋርካ

ይድረስ ለክቡር ኩን ፕራዌት፣ በሰሜን ታይላንድ የናም ቶን ከተማ የሕዝብ መናፈሻ ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ በመናፈሻው ትልቅ ዋርካ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት የአበባ ጉንጉን የሸጥኩት ቡንሉዌን፣ ጥላው እስካለ ድረስ ደኅና ነኝ። ዛፉ ሰኞ እንደሚቆረጥ በሩ ላይ ስለ ለጠፉልን፣ ምስጋናዬን ሳይረፍድ ላድርስ ብዬ ነው።

፩ኛ፤ አያቶቻችን ያከበሩትን ዛፍ «የቅርስ ዋጋ የለውም» ብለው ለመኪና ማቆሚያ ስለ ፈረዱበት እናመሰግናለን። ቅርስ ለመባል የግንዱ ዙሪያ በደረት ቁመት ላይ መለካት አለበት፤ በመዝገብዎ ግን ዙሪያው ዜሮ ነው። ግንድ የሌለው ዛፍ ይህን ሁሉ ዘመን አስጠለለን ማለት ነው፤ ጉድ ነው መቼም።

፪ኛ፤ ዜሮው ከየት እንደ መጣ ላስታውስዎ። አምና፣ እንዳይቆረጥ ብለን፣ አዛውንቱ መነኩሴ ሉዋንግ ፑ ካምዲ እንደ ቡድሃ ልማዳችን ዛፉን አመንኩሰው ግንዱን በቢጫ የምንኩስና ልብስ ጠቀለሉልን። እንድትለካ የላኳት ወጣት ጨርቁን ስታይ እጇን ሰበሰበች። «አክስቴ፣ ሴት ሆኜ የመነኩሴ ልብስ ብነካ እናቴ ቤት አታስገባኝም» ብላኝ ቅጹ ላይ ዜሮ ሞላች። አልፈርድባትም። እርስዎ ግን ወንድ ሆነው ሳለ፣ ከቢሮዎ ወጥተው ከመለካት ይልቅ «የተቀደሰ ጨርቅ የነካውን ሁሉ፣ ጨርቁን ያሰረው ሰው ሳይፈቅድ ማንም አይንካ» የሚል ትእዛዝ ጽፈው ዜሮውን አጸደቁት። ልጅቷ ነውር ፈራች፤ እርስዎ የፈሩት ፀሐይ ነው።

፫ኛ፤ ሜትር እንዳይነካው የከለከሉትን ሰኞ መጋዝ እንዲነካው መፍቀድዎን ስሰማ፣ የጀመርኩትን ጉንጉን አስቀምጬ ብዕር አነሣሁ። ባሌ ሲሞት ያለቀስኩት እዚያ ሥር ነው። እርስዎም ቢሆኑ መኪናዎን ከዚሁ ዋጋ ቢስ ዛፍ ሥር ሳያቆሙ የዋሉበት ቀን የለም።

በዛፉም በሥልጣንዎም ጥላ ሥር የኖርኩ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚናፍቀኝ፣
ቡንሉዌን

ማሳሰቢያ፦ ከቢጫው ጨርቅ ትራፊ ነበረን። ዛሬ ጠዋት ሉዋንግ ፑ፣ መጋዙ በሚገባበት መንገድ ላይ የቆመችውን መኪናዎን ባርከው ዙሪያዋን ጠቀለሏት። ትእዛዝዎን አክብረን፣ ማንም እንዳይነካት በተራ እየጠበቅን ነው። እሳቸው ለዝናቡ ወራት ሱባኤ ወደ ተራራው ገዳም ስለ ገቡ፣ ፈቃዱን ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ይጠይቋቸው። እስከዚያ በእግርዎ ሲመላለሱ ፀሐዩ ቢከብድዎ፣ ዋርካው ጥላውን አይነፍግዎትም።