ባለ ሁለት አልጋው ክፍል

ልጄ፣ እኔ ልቅደምልሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የኩሽናው ቧንቧ ተሠርቷል፣ ጉልበቴም ለክፉ አይሰጥም።

አባትሽ ያሰባሰበው የጉዞ ቡድን አልፈረሰም። እሱ ከሞተ ወዲህ ይቀራል ብዬ ነበር፤ ጡረተኛ ጓደኞቹ ግን «የሱን ውጥን ሜዳ ላይ አንጥልም» ብለው በረሃውንና የጥንቱን ፍርስራሽ ለማየት ቆርጠዋል፤ እኔንም ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ካርታ ዘርግተው ስለ ውሃና ስለ ባርኔጣ ሲከራከሩ አያቸዋለሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን «ፍርስራሽ ለማየት ምን ያን ያህል አስኬደን፣ እርስ በርስ አንተያይም?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ከአስጎብኚ ድርጅቱ የመጣችው ልጅ «እማማ፣ የርስዎ ክፍል ባለ ስንት አልጋ ይሁን?» አለችኝ። የአርባ ዓመት ልማድ ነውና «ባለ ሁለት» አልኳት። ሁሉም አቀረቀሩ፤ ያረመኝ የለም። እሷም እንዳልኳት ያዘችው። ያኔም እንባ አልመጣልኝም።

ለቀብሩ አልደረስሽም ብዬ አልቀየምሽም፤ መንገዱ አልቀናልሽም። በረሃው ግን ላንቺ ቅርብ ነው ይላሉ። ቀለል ያለ ጫማ አድርጊና እዚያው ነይልኝ። ደህና ያገናኘን፤ ያን አልጋ ባዶውን አታሳዪኝ።

እናትሽ