ጉም ያሳደራት ሙሽራ

ለምሳሳልዎት እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ያ እንቅልፍ የነሳዎት ሳል ለቀቀዎት ወይ? ጉልበትዎስ? እኔ ናፍቆትዎ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ዘንድሮ ጉሙ ቀድሞ ወረደ። እንደሚያውቁት እዚህ ሰው የሚያድረው በማግስቱ ተራራውን ሊሻገር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ስድስቱም ክፍሎቼ ጢም ይላሉ። በመስኮት ሲያዩ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ሁሉም ነጭ። የስልኩም መስመር አብሮ ጠፋ። እንግዶቼ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል በሹክሹክታ ያወሩ ነበር።

ከመካከላቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። እናት አባት የላትም፤ የሙሽራ ቀሚሷን ራሷ ሰፍታ፣ ከተራራው ማዶ ወዳለው እጮኛዋ ብቻዋን ትሄዳለች። ቀሚሱ እንዳይጨማደድ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልንላት። ያለፈ ሁሉ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጫፉን ነካ ያደርጋል።

ሠርጓ እሑድ ነበር። እሑድ ጠዋት ጉሙ ንቅንቅ አልል ቢላት፣ «አልተጻፈልኝም፣ ልመለስ» ብላ ሻንጣዋን ዘጋች። «ቁርስ ሳትቀምሺ የትም አትሄጂም» አልኳት።

እንቁላል ስጠብስ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት አንድ ጎልማሳ ከነጩ ውስጥ እንደ ሕልም ብቅ አለ፤ ከቅንድቡ ሳይቀር ውኃ ይንጠባጠባል። ሁለት ቀን በእግሩ መጥቷል። «ልብስ ሰፊ እዚህ አርፋለች?» ሲለኝ እጮኛዋ መሆኑ ገባኝ፤ መጥበሻውን እንደያዝኩ ወደ ክፍሏ ሮጥኩ።

እዚያው ምግብ ቤቴ ውስጥ ዳርናቸው። ከእንግዶቼ አንዱ፣ ድንች ጭኖ መንገድ የተዘጋበት ሾፌር፣ አባት ሆነላት። እኔን «እናቴ ሆነው ከጎኔ ይቁሙ» አለችኝ። እትዬ፣ ወልጄ ያልሳምኩ ሴት ልጅ ዳርኩ! እልልታው ከሆዴ የት ተኝቶ እንደኖረ እንጃ።

በማግስቱ ጉሙ ተገፈፈ፤ ቤቱ ባንዴ ጭር አለ። አንሶላቸውን እያሰጣሁ ሳላውቀው እዘፍን ነበር።

ባለፈው «ለአላፊ አግዳሚ አልጋ ስታነጥፊ ዕድሜሽ አለቀ፣ ሸጠሽ ነይ» ብለውኝ ነበር። ገዥውን መልሼዋለሁ፤ አይቀየሙኝ። በጋ ሲሆን እርስዎ ይምጡ። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የእርስዎ ነው፤ ከእንግዲህ ለማንም አላከራየውም።

ጋሼን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ቀበጧን የልጅ ልጅዎን ጉንጯን ይንከሱልኝ። ጎረቤትዎን ባለሱቋንም እንደምን አለሽ ይበሉልኝ።

ታናሽዎ
ከተራራው ሥር፣ ከእንግዳ ማረፊያው
ሐምሌ ፳፪ ቀን