በየተራ የሚገቡ ድምፆች

ውድ ባለቤቴ ታሜ፣

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ቤቱ ደህና ነው። የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፍርቶ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረስን። መናኸሪያ ያለችውን የሞባይል መጠገኛህን ወንድምህ ይዟታል። እንዳንተ ቀኑን ሙሉ የዚያን ጀርመናዊ ሙዚቃ ስለማይከፍት ነው መሰለኝ ደንበኛው በዝቶለታል።

የምጽፍልህም ስለዚያው ሰው ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በባሮክ ዘመን ስለኖረው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋችና የመዝሙር ደራሲ፣ እኔ ባልንጀራህ እያልኩ ስለማበሽቅህ።

አንዱን መዝሙሩን በሶልፋ፣ በዶ ሬ ሚ ፊደላት፣ ጽፈህ ለኳየራችን ያስጠናህበት ክረምት ትዝ ይለኛል። ቀጭኑ የሴቶች ድምፅ ሶፕራኖ ይጀምራል፣ አልቶ ይከተላል፣ ከዚያ የወንዶቹ ቴነር፣ ወፍራሙ ባስ መጨረሻ ይገባል። ሁሉም የሚለው ያንኑ ቃል ነው። በእሁዱ ገና ቴነሩ ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዳንጊሶ መዘምራኑ የተደናገሩ መስሏቸው ብድግ አሉ። እጃቸውን አንስተው አስቆሟችሁና ጉባኤው እንዲጸልይላችሁ ጠየቁ። ቤት ስንገባ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አንተ ግን አልሳቅህም። ይህ ሰው የጻፈው ለጭብጨባ አይደለም፣ የዘገየ ድምፅ የጠፋ ድምፅ አለመሆኑን ነው የሚነግረን፣ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ይሰሙታል አልከኝ። ሳይሰሙት ሄድክ። ከሐዘኔ ሁሉ ይኼ ሲከነክነኝ ከረመ።

ባለፈው እሁድ ልጃችን ሳሮን ያንኑ መዝሙር ኳየሩን አስጠንታ መድረክ ወጣች። ሶፕራኖው ጀመረ፣ አልቶው ገባ። ቴነሩ ሲገባ ጋሽ ዳንጊሶ ተነሡ። እንደገና ሊያስቆሟቸው ነው አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ፤ ጉባኤውም ተከትሏቸው ቆመ። ባሱ ሲገባ የእግዚአብሔር መገኘት ቤቱን ሞላው ብል አላጋነንኩም። ሲያልቅ እልል ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንደቆመ ቀረ። ስንወጣ ጋሽ ዳንጊሶ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝና፣ ያን ጊዜ ጸሎት የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር አሉኝ።

ታሜ፣ ኮርቼብሃለሁ። በልጅህም ኮርቻለሁ። ዘይት ያጣ በር ይመስላል የምትለውን ድምፄን ይዤ እኔም አልቶ ገብቻለሁ፤ ሳሮን ከኋላ አቁማኛለች። በዘመርነው ቁጥር አስብሃለሁ። አንተ ቀድመህ ገብተሃል፤ ተራዬ እስኪደርስ ያንኑ ቃል እያጠናሁ እቆያለሁ።

ባለቤትህ አስቴር